ወፍራሙ ወደዚህ፣ ቀጭኑ ወደዚያ

ትል ትፈራላችሁ? እኔ አልፈራም ነበር። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሐር ትል መጋቢ ሆኜ መቀጠሬን የሰሙ የመናኸሪያ ሰፈር ጎረቤቶቼ እጄን መጨበጥ ቢተዉም፣ ትል ምስኪን ነው፤ የጉሎ ቅጠሉን በልቶ ዝም ይላል። የሚያስፈራስ የገዛ ራስ ነው።

ሩት የምትባል የማስተርስ ተማሪ አለች። ከትሉ አንጎል አጠገብ የአሸዋ ቅንጣት የማታህል እጢ እያወጣች በማይክሮስኮፕ ትለካለች። ያቺ እጢ «ገና ልጅ ነህ» የሚል ሆርሞን ታመነጫለች። ዝም ስትል ትሉ ሐሩን ፈትሎ ራሱን ይጠቀልላል። እጢዋ ስንት ቀን ላይ ስንት እንዳደገች ማወቅ ነው የሩት ጥናት። ስለዚህ ቆዳቸውን ከጣሉ አንድ ቀን የሆናቸው በአንድ ትሪ፣ ሦስት ቀን የሆናቸው በሌላ ይቀመጣሉ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን ትሪዎች ደራርቤ ስሸከም አዳለጠኝ። ትሎቹ ተደባለቁ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? እንደ ሽንኩርት መረጥኳቸው፤ ወፍራሙ ወደዚህ፣ ቀጭኑ ወደዚያ። ዕድሜ በውፍረት ቢታወቅ እኔ ይሄኔ የሰማንያ ዓመት ባልቴት ነበርኩ! ኮንትራቴ ሊታደስ ወር ስለቀረው ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ወፈረ። እንቅልፍ አጣሁ።

እሮብ ሩት ጮኸች።

«እትዬ ማርታ፣ ኧረ ይምጡ! እኩያ ትሎች ናቸው፣ የአንዱ እጢ ግን የሌላውን እጥፍ!»

ምናልባት አንዱ ሆዳም ይሆናል አልኩ። እሷ እቴ! አዲስ ነገር አገኘሁ ብላ ለአማካሪዋ ደወለች፤ አርብ መጥቶ ሊያይ ነው። ይባስ ብላ አቀፈችኝ።

«የጥናቴ ምስጋና ላይ ስምዎን አስገባለሁ። ያለ እርስዎ ይሄ አይገኝም ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ያለ እኔ አይገኝም ነበር!

ቢነቃባትስ? ይህች ልጅ በኔ እጅ ውሸታም ልትባል ነው። አርብ አማካሪው ሳይደርስ ሩትን በሩ ላይ ጠብቄ ሁሉንም አፈረጥኩት። ሩት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ለሌላ ሰው ተናግረዋል?» አለችኝ።

«ለእግዚአብሔር ብቻ።»

«እሱ ጥናቴን አይፈርምም። ለአማካሪዬ እኔው እነግረዋለሁ። ይምጡ፣ ከእንቁላል እንጀምራለን።»

እውነት አርነት ያወጣል ይባላል። እኔ ግን ይኸው ከተናዘዝኩ ወዲህ እሑድ እንኳ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልቻልኩም፤ አዲሶቹ ትሎች ቁርስ ይፈልጋሉ።