ሁዳዴን የጾመው ዓሣ

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር አዲስ አይደለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ወይም ዝክር ላይ ተሰብስቦ በዚህ ጉዳይ ድምፁን ያላሰማ ሰው እንጅባራ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ዓሣው ራሱ ይጹም ወይስ አይጹም ብሎ የተጣላ ቤት ግን የእኔ ብቻ ይመስለኛል። የተጣላነውም በእኔ ጥፋት አይደለም፤ ይህን ከወዲሁ ያዙልኝ።

መምህርት የሆነችው ልጄ ትዕግሥት ለሥልጠና አዲስ አበባ ስትሄድ፣ ከተከራየችው ቤት አንድ የመስታወት ሣጥን በባጃጅ አስጭና መጣች። ውስጡ ቤታ የሚባል፣ ክንፉን እንደ ሙሽራ ቀሚስ የሚጎትት ቀይ ዓሣ አለ። ከሥሩ ደግሞ ሽሪምፕ የሚባሉ፣ ጥፍር የማይሞሉ፣ እግራቸው የበዛ ፍጥረቶች ይርመሰመሳሉ። ለፋሲካ እመለሳለሁ፣ እስከዚያ ዓሣዬን አደራ አለችኝ።

አደራ ለእኔ ቀልድ አይደለም። ከዳንግላ ገበያ ድንች በጋሪ እያመላለስኩ ስጀምር፣ ኋላም በፈረስ ንግድ ስጠነክር፣ ሰው ያመነኝ ቆጥሬ ተረክቤ ቆጥሬ ስለማስረክብ ነው። የሰው ፈረስ ጎድሎብኝ አያውቅም። ስለዚህ ባጃጁ ከግቢ ሳይወጣ መነጽሬን አድርጌ ሽሪምፖቹን ቆጠርኩ። ሃያ ናቸው። ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ፤ ፈረስ ቢያንስ ቆሞ ይቆጠራል።

ጣጣው የመጣው በምግቡ ነው። የዓሣው ምግብ በትንሽ ቆርቆሮ የታሸገ የደረቀ ትል ነው። ባለቤቴ ወርቅነሽ ይህን ስትሰማ ቆርቆሮውን በሁለት ጣቷ ይዛ ከቤት አወጣችው። ሁዳዴ ገብቷል፤ ሽሮ በምታማስልበት እጇ ትል እየቆነጠረች ለማንም እንደማታቀርብ ነገረችኝ። የሚበላው እሱ እንጂ እኛ አይደለንም ብላት፣ በነነዌ ጊዜ ከብቱም ጾሟል፣ ዓሣ ከከብት በምን ይበልጣል አለችኝ። በነነዌ ታሪክ ያለው ዓሣ እኮ ሰው ሲውጥ እንጂ ሲጾም አልተሰማም አልኳት። ማን ሰምቶኝ። በማግሥቱ ለዓሣው የተቀቀለ አተር ቀረበለት።

ጎርሶ ተፋው። ይለምደዋል አለች። እውነትም ብዙም ሳይቆይ ዓሣው ደለበ፣ ቅላቱ ጨመረ። ጾሙ ተስማማው እያለች ለጎረቤት ማሳየት ጀመረች። አንዷ ጎረቤታችንም መስታወቱን አይታ፣ ከስንቱ ሰው ይሻላል ብላ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ በጨጓራዬ ምክንያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት እንደማልችል መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከዓሣ ጋር ልወዳደር?

መብራት በጠፋ ቁጥር ደግሞ የውኃው ማሞቂያ ስለሚቆም፣ ጋቢዬ ከላዬ ተነሥቶ መስታወቱን ይለብሳል። የእንጅባራን ብርድ የሚያውቅ ይፍረድ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልኩት ቁጥሩን ነው። ሃያው አሥራ ሰባት ሆነ። ድንጋዩ ሥር ተደብቀው ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ቆጠርኩ። ቀጥሎ አሥራ ሦስት። የሞተ የለ፣ ወለል ላይ የወደቀ የለ። ለልጄ ደውዬ አደራሽ ጎደለብኝ ልበላት? ጉድለቱ የት እንደገባ ሳላውቅ ስልክ የማነሣ ሰው አይደለሁም።

ጥርጣሬዬ ተከራያችን ላይ አረፈ። ያለ ምክንያት አይደለም። ጅቡቲ መስመር ላይ ሹፌር የነበረ ነው፤ መስታወቱን ያየ ዕለት፣ እነዚህ እኮ እዚያ በነጭ ሽንኩርት ይጠበሳሉ ብሎ ምራቁን ሲውጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠርቼ በጨዋ ደንብ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ጾም ልሽር ካልኩ በግ አለልዎት» አለኝ። «በዚህች ጥፍር በማታክል ነገር ነው ገሃነም የምገባው?» መልሱ አሳማኝ ነበር። ያም ሆኖ የሳሎኑን በር ቆለፍኩበት። እሱም ሰላምታውን ቆለፈብኝ።

ከሆሳዕና በኋላ አንድ ቀን ወንበር ስቤ መስታወቱ ፊት ተቀመጥኩ። ዓሣው አተሩን ገፋ አድርጎ አለፈና፣ ቅጠል ላይ ያረፈች አንዲት ሽሪምፕ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ክንፉን ዘረጋ። ከዚያ ሽሪምፗ የለችም።

ወርቅነሽን ጠርቼ ጾመኛሽን ነይ እይው አልኳት። እኔ ያቀረብኩለት አተር ነው፣ የቀረውን ከፈጣሪው ጋር ይጨርሰው አለች። እስኪ አሁን ይህ መልስ ነው?

ወንጀለኛውን በሻይ ማጥለያ አውጥቼ አፈ ሰፊ የማር ጠርሙስ ውስጥ አሰርኩት። በማጥለያው ምክንያት ሌላ ጠብ ተነሣ፤ እሱን እንተወው። ተከራዩንም ደጁ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ይህ ለእኔ ዓይነት ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል። የተረፉትን ስድስት ሽሪምፖች ግን አንድ ሳይጎድል ለፋሲካ አደረስኳቸው።

ትዕግሥት በዋዜማው ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ሁሉን ነገርኳት፤ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አደራ እንዳጎደልኩ፣ ጥፋተኛውንም ይዤ እንዳቆየሁላት። መስታወቱን አየች። ጠርሙሱን አየች። ዓሣው ከስቶ፣ ለአተሩ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«አባዬ፣ ምን አድርጎ ነው ከቀለቡ የለያችሁት?» አለችኝ። «ሽሪምፖቹን እኮ እንዲበላቸው ነው ያመጣሁለት።»

ሃያ ነበሩ አልኳት።

«ቆጠርካቸው እንዴ?» አለች።