ሦስት የሚለውን ማን ያጸድቃል?

በታሪክ ፊት መዋሸት ነውር ነው። ስለዚህ የሸዋ ሮቢቱ ጽሕፈት ቤታችን በስልክ ጨዋታ ውድድር ያስመዘገበውን ታላቅ ድል፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ እንደመሆኔ መጠን፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እመሰክራለሁ። የቀነስኩት ካለ በኃላፊዬ ትእዛዝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከበላይ አካል በመጣ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሠራተኛው ተናቦ የመሥራትና ጊዜን በስልት የመጠቀም ክፍተት እንዳለበት ገልጾ፣ ይህን ክፍተት በኢንተርኔት የተኩስ ጨዋታ ለመድፈን መወሰኑን ያበስራል። እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አምስት ሰው ያሰልፋል። አምስቱም በየስልካቸው አንድ ሜዳ ገብተው ከሌላ ጽሕፈት ቤት አምስት ሰዎች ጋር ይታኮሳሉ። ለልምምዱ ሲባል ባለጉዳይ ይመለስ የሚል ቃል ደብዳቤው ላይ አልነበረም፤ እኛ ግን ከመንፈሱ ተረዳነው።

ቡድኑ የተመረጠው በደመወዝ ደረጃ ነው፤ ችሎታ አድልዎ ያመጣል። ኃላፊያችን ጋሼ ወልደማርያም አዛዥ ሆኑ፤ ምክትላቸው አቶ ሸሪፍ ምክትል አዛዥ፤ የሰው ሀብቷ እትዬ ዘይቱና የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ፤ እኔ ጸሐፊ። አምስተኛ ሰው ሲጠፋ የመዝገብ ቤቷ ኑርሃን ተጨመረች። ኑርሃን የኮንትራት ሠራተኛ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሏ በየሦስት ወሩ እየታደሰ፣ ቋሚነቷ "ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት" እየተባለ ኖራለች። ከአምስታችን ጨዋታውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ ይህንንም እንደ ጉድለት አልቆጠርንባትም።

"ካሸነፍን የቋሚነት ደብዳቤሽን በዚያው ቀን እፈርማለሁ" አሏት ጋሼ ወልደማርያም።

"ይማሉልኝ ጋሼ።"

"ማርያምን!"

ልምምዱ የተካሄደው በእሳቸው ቢሮ ነው፤ የሚሠራው ቬንትሌተር ያለው እዚያ ብቻ ነው። የግንቦትን ሮቢት የሚያውቅ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም። ኑርሃን ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ አስረዳችን።

"ጠላት ቤት ውስጥ ይሸሸጋል። ሰባት ደቂቃ ሳያልቅ ቤቱን ካልያዝን ተሸነፍን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እላለሁ። ሦስት ስል አምስታችንም እኩል እንገባለን። አንድ ሰው ከዘገየ ሁላችንም አለቅን።"

ጋሼ ወልደማርያም መነጽራቸውን አወለቁ። "ሦስት የሚለውን ማን ያጸድቀዋል?"

"እንዴት ጋሼ?"

"የኮንትራት ሠራተኛ ቁጥር ጠርታ ኃላፊን ታስገባለች? ይህ በየትኛው መዋቅር ነው?"

አቶ ሸሪፍ መፍትሔ የማያጡ ሰው ናቸው። "ችግር የለውም ጋሼ። አንድ የሚለው በመነሻ ሐሳብነት ይቀርባል። ሁለት ሲባል ውይይት ይደረግበታል። ሦስትን እርስዎ ያጸድቃሉ።"

"ወላሂ፣ እስከዚያ ጨርሰውን ምሳ ይበላሉ!" አለች ኑርሃን።

"ልጄ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ እትዬ ዘይቱና። ይህም ተመዘገበ።

የግጥሚያው ቀን የደብረ ሲናው ቡድን ቁልቁለቱን ወርዶ መጣ። ጃኬታቸውን አዳራሹ በር ላይ እያወለቁ፣ ላባቸውን እየጠረጉ ተቀመጡ። ጨዋታው በትልቅ ስክሪን ለታዳሚው ይታይ ነበር። ከሰባቱ ደቂቃ ሁለቱን የወሰደው የጋሼ ወልደማርያም የመክፈቻ ንግግር ነው። ሌላ አንድ ደቂቃ በሁለት ላይ በተደረገው ውይይት አለፈ፤ ውይይቱ የጋለ ነበር።

"ሦስት ጸድቋል!" አሉ በመጨረሻ።

አምስታችንም ሮጥን። ጠላት የተሸሸገበት ቤት በር ላይ እኩል ደረስን፤ ሥልጠናው ፍሬ አፍርቷል። እዚያም ቆምን።

"ይግቡ ጋሼ" አሉ አቶ ሸሪፍ።

"ኧረ እትዬ ዘይቱና ይቅደሙ።"

"በአላህ! ትልቅ ሰው ቆሞ እኔ?"

"በሞቴ!"

"እኔ ልሙት፣ አይሆንም! ይግቡ!"

እኔም ለታላላቆቼ ቦታ ለመልቀቅ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ጨዋ ያሳደገው ሰው፣ ቤቱ ስልክ ላይ የተሣለ ቢሆን፣ ውስጡም መትረየስ የደገኑ ሰዎች ቢኖሩበት፣ ታላቁን ቀድሞ አይገባም። ደብረ ሲናዎቹ አፈሙዛቸውን በሩ ላይ ተክለው ሲጠብቁን ግራ ገባቸው። "ምን ሆነው ነው?" ሲል የጠየቀው አለቃቸው አቶ ተመስገን ነው፤ አዳራሹ ሙሉ ሰምቶታል።

ኑርሃን በጓሮ ዞረች፣ በመስኮት ገባች፣ አምስቱንም ከጀርባቸው ለቅማ ጨረሰቻቸው። አራት ሰከንድ ቀርቶ ነበር። አዳራሹ በጩኸትና በጭብጨባ ሲናወጥ እኛ ገና አቶ ሸሪፍን እየለመንናቸው ነበር።

በማግስቱ ግምገማ ተቀመጥን። የድሉ ምንጭ ምን እንደሆነ በጥልቀት ተመርምሮ፣ አመራሩ በር ላይ ያሳየው ስልታዊ ትዕግሥት መሆኑ ተረጋገጠ፤ እኛ ባንቆም ኖሮ ጠላት በሩን እያየ አይዘናጋም ነበርና። በድክመት በኩል አንድ ነጥብ ብቻ ተነሣ።

"በመስኮት የሚገባ ማነው?" ሲሉ ጠየቁ እትዬ ዘይቱና።

"ሌባ" አሉ አቶ ሸሪፍ።

"አሸንፈናል እኮ" አለች ኑርሃን። "ደብዳቤዬስ ጋሼ?"

"ድሉ የቡድን ነው ልጄ። የቡድን ድል ለግለሰብ ቋሚነት መነሻ ይሆናል የሚል መመሪያ አላየሁም።"

"ማርያምን ብለው ምለውልኛል!"

"የማልኩት እንደ ግለሰብ ነው። የሚፈርመው ኃላፊው ነው።"

ኑርሃን አላለቀሰችም። ከዚያ በኋላ ቀና ብዬ ላያት አፈርኩ፤ ሐፍረት በቃለ ጉባኤ ስለማይያዝ አልጻፍኩትም። ጋሼ ወልደማርያም ስብሰባውን የዘጉት "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" በማለት ነው። እውነት ነው፤ ሃምሳውንም የተሸከመችው እሷ ስትሆን ጌጡን ለአራት ተካፍለነዋል።

ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ኑርሃን ውሏን አላሳደሰችም። ደብረ ሲና ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አይታ ወጣች፣ ተፈተነች፣ አንደኛ ወጣች፣ በቋሚነት ተቀጠረች። ይህ ሁሉ አንድ ወር ፈጀ። እንዲህ ያለ ጥድፊያ የት እንደሚያደርስ እግዜር ይወቀው።

የመልሱን ግጥሚያ ለማድረግ ዳገቱን የወጣነው እኛ ነን። በኑርሃን ቦታ የጋሼን ሾፌር ሀብታሙን አሰለፍን፤ መኪናው መሄዱ ስለማይቀር ይህ ወጪ ቆጣቢ ውሳኔ ነበር። ኑርሃን ወፍራም ሹራብ ለብሳ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ተነሣችና ጎንበስ ብላ ሁላችንንም በየተራ ሰላም አለችን። በዚህኛው ዙር ቤት ውስጥ የምንሸሸገው እኛ ነበርን። ጋሼ ማን በየትኛው መስኮት እንደሚቆም የሚያጠና ኮሚቴ በማቋቋም ላይ ሳሉ ግጥሚያው አለቀ። አርባ ሰከንድ ነው የፈጀው።

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ "ለሰባት ደቂቃ የታቀደውን ግጥሚያ በአርባ ሰከንድ በማጠናቀቅ የጊዜ አጠቃቀማችንን ከአሥር እጥፍ በላይ አሻሽለናል።" ከበላይ አካል ምስጋና መጣልን፤ ጽሑፉም በምርጥ ተሞክሮነት ተባዝቷል።

ያም ሆኖ ጋሼ ወልደማርያም ሽንፈቱ ከሆዳቸው አልወጣም። ደብረ ሲናዎች የኑርሃንን የግል ማኅደር እንድንልክላቸው በደብዳቤ ሲጠይቁ፣ ማኅደሩ ላይ በገዛ እጃቸው አንድ ገጽ ጨመሩበት፦ "ሠራተኛዋ ትእዛዝ ሳትጠብቅ የመሥራትና ሥራውን ቶሎ የመጨረስ ሥር የሰደደ ችግር ያለባት መሆኑን እንድታውቁት እንገልጻለን።" ማኅተም ያሳረፉበት እትዬ ዘይቱና ናቸው።

መልሱ በሳምንቱ ደረሰ። አቶ ተመስገን ፈርመውበታል፦ "ስለ መረጃው እናመሰግናለን። እዚያ ጽሕፈት ቤት ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሌላ ሠራተኛ ካለ ብትልኩልን፣ ክፍት ቦታ አለን።"

ጋሼ ወልደማርያም ነገሩ በአስቸኳይ እንዲጣራ አዘዙ። አጣሪ ኮሚቴው ሁለት ወር ሙሉ የሁላችንንም ማኅደር ገጽ በገጽ አገላበጠ። ምስጋና ለፈጣሪ ይሁንና፣ አንድም አልተገኘብንም።