ብልባላን ከተልባ ጋር ያስተዋወቅንበት ሥልጠና

የግብርና ጽሕፈት ቤታችን ሕዝቡን ሳይሠለጥን ተልባ ከመጠጣት ሊታደገው ቆርጦ ተነሣ። የብልባላ ገበሬ ጾም በገባ ቁጥር ተልባ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በጥብጦ ሲጠጣ ኖሯል፤ ኦሜጋ ሦስት እየጠጣ መሆኑን ግን የነገረው የለም። ወይ ጉድ! እንዲህ ባለ ድንቁርና ውስጥ እንዴት ጤነኛ ሆኖ እንደቆየ ለእኛም ግራ ገብቶናል።

ስለዚህ በታኅሣሥ፣ አዝመራ በሚሰበሰብበት በዚያ እጅግ አመቺ ወቅት፣ ተልባ አምራቾች ሁሉ ላሊበላ አንድ ሆቴል አዳራሽ ተጠሩ። ኃላፊያችን አቶ ሙሉሃብት መድረኩን ያዙና «ተልባ ልብን ይጠብቃል! የሆድ ድርቀትን ድራሹን ያጠፋል!» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያጨበጨብነው የቢሮው ሠራተኞች ነን። ለምሳ የጾም መኮሮኒ ቀረበ። ተልባ አልተገኘም፤ የሚወቁት ሰዎች ሥልጠና ላይ ነበሩና።

በማግሥቱ አረጋ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከይማርሽ ስልክ ተደወለለትና ደንግጦ ብድግ አለ። በእኛ አገር ሰብል ሲሰበሰብ ቀን ይቆረጥና ማሳው ሁሉ ለመንደሩ ከብት ይለቀቃል። የተቆረጠው ቀን ነገ ሆኖ፣ ሌላው ቀድሞ አጭዶ፣ ያልታጨደው የእሱ ተልባ ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣ ልሂድ ፍቀዱልኝ። ተልባዬን ላጭድ።»

«ጥቅሙን ሳያውቁ?» አሉ አቶ ሙሉሃብት።

«ኧረ በማርያም! ልጆቼ በጾም የሚጠጡት እሱን ነው። ዘሬም እሱው ነው፤ ሌላ የለኝም!»

«አቶ አረጋ፣ በስሜት አንነጋገር። ገና አሰር የሚለው ርዕስ ላይ አልደረስንም። ጥሎ የሄደ ሰው ደግሞ ማዳበሪያ ሲታደል ስሙ ይታወሳል።»

ማዳበሪያ ሲባል አረጋ ተመልሶ ቁጭ አለ። በነጋታውም ስለ አሰር ሲማር ዋለ። አሰር ማለት፣ ላልሠለጠናችሁ፣ ተልባ ውስጥ ያለ አንጀት የሚያለሰልስ ነገር ነው። የአረጋ አንጀት ግን ሲያርር ዋለ።

ከብቶቹ እንደ እኛ ቀጠሮ አያፈርሱም፤ በጠዋት ወጡ። ይማርሽ ዱላ ይዛ ብቻዋን ብትሯሯጥ፣ ያን ሁሉ መንጋ ማን ይመልሰዋል? የቻሉትን በሉ፣ የቀረውን ረገጡት።

በመዝጊያው ዕለት አቶ ሙሉሃብት ለአረጋ የምስክር ወረቀት ዘረጉለት።

«እንኳን ደስ አለዎት! ከእንግዲህ ቤተሰብዎን ተልባ ይመግቡ።»

አረጋ እጁን አልዘረጋም። «ወረቀቱን ለጎረቤቴ በሬ ስጡልኝ። ጥቅሙን የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ያገኘው እሱ ነው። እኔማ የምዘራው እንኳ የለኝም!» ብሎ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ወጣ።

አቶ ሙሉሃብት ልባቸው የተነካ መሰለኝ፤ ለረጅም ጊዜ በሩን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዘር የለኝም ነው ያለው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«በጣም ጥሩ። ቀጣዩ ሥልጠና በተልባ ዘር እጥረት ላይ ይሁን። እሱን መጀመሪያ ጥሩት፤ ቀኑም ልክ በመዝሪያው ሳምንት ይሁን።»