ባት አርባ ሰባት

[የሁለት እኅትማማቾች ቤት። በአንዱ ጥግ የስፌት መኪና፣ በሌላው ጥግ ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት። ታላቅ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሃያ ዓመት ሰው ለክታለች። ታናሽ ፖስተኛ ናት፤ ዘጠኝ ዓመት በእግሯ ደብዳቤ አድርሳለች። እሑድ ነው፤ ምሳ ተነሥቷል። ታናሽ ትናንት ከጫማ ሰሪው የመጣላትን ቦት ጫማ አድርጋ መሐል ቤት ቆማለች። የጫማው አንገት ከጉልበቷ ሥር እንደ ባልዲ አፉን ከፍቷል። ታላቅ የራሷን ጉርድ ቀሚስ ወገብ በመርፌ እያጠበበች ነው።]

ታላቅ፦ ጫማው አልሰፋም አልኩሽ! እግርሽ ነው የቀነሰው።

ታናሽ፦ እግር በሁለት ሳምንት ይቀንሳል እንዴ፣ እትዬ?

ታላቅ፦ እንዴት አይቀንስም? ሰው ሲያስብ መጀመሪያ የሚከሳው ከባቱ ነው። የሰው ገላ እኔን ጠይቂኝ።

ታናሽ፦ እኔ እኮ ያሰብኩት ለባቴ የሚሆን ጫማ አጣሁ ብዬ ነው።

ታላቅ፦ በይ እንግዲህ! አስበሽ አስበሽ ባትሽን ጨረስሽው።

ታናሽ፦ [ጎንበስ ብላ መጀመሪያ ጣቷን፣ ቀጥሎ እጇን እስከ ክርኗ በጫማው አንገት ታስገባለች] ክንዴ ይገባል።

ታላቅ፦ ምቾት ማለት እሱ ነው! ዕድሜሽን ሙሉ ዚፑ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመብኝ ስትዪ አልነበር? ስንት ሱቅ ዞርሽ?

ታናሽ፦ ስድስት።

ታላቅ፦ አንዱ ጋ ተገኘ?

ታናሽ፦ የትም። ስድስተኛው ሻጭማ "ባቴ አርባ ሰባት ነው" ስለው ከወንበሩ ተነሥቶ እግሬን ዞሮ አየው። "የት ደበቅሽው?" አለኝ።

ታላቅ፦ ባለጌ!

ታናሽ፦ ባለጌስ አይደለም። "እስከ አርባ ሦስት የሚሄድ አለኝ፣ ግድየለሽም ሞክሪው" ብሎኝ ነበር። ቡናማ ነው። ዚፑ በውስጥ በኩል ነው።

ታላቅ፦ ሞከርሽው?

ታናሽ፦ ለምን እሞክረዋለሁ? አርባ ሰባት ነሽ ብለሽኛል። ሰውዬውን ለምን አደክማለሁ?

ታላቅ፦ ጎበዝ። ቁጥር የሚከበረው እንደዚህ ነው።

ታናሽ፦ ትንሽ ምሳ ጨምሪ እስቲ። ስትራቢ ትቆጪያለሽ።

ታላቅ፦ በልቻለሁ።

ታናሽ፦ ሦስት ቅጠል ጎመን ነው የበላሽው። ቆጥሬዋለሁ።

ታላቅ፦ ወገቤ ሰማንያ አንድ ገብቶ ድንች በሥጋ ልብላ? አምስት ወር ሙሉ ራት ትቼ ገና አሁን ሰባ ስድስት ደረስኩ። ልፋቴ ሁሉ ድሮ ወደ ነበርኩበት ወደ ሰባ ስድስት ለመመለስ ነበር።

ታናሽ፦ ታዲያ ያንን ጉርድ ምን ያጠብበዋል? ድሮ ልክሽ አልነበር?

ታላቅ፦ ጨርቁ ነዋ! የዘንድሮ ጨርቅ ውኃ ሲነካው ይለቃል። አንቺ ስለ ጨርቅ ምን ታውቂያለሽ?

ታናሽ፦ ምንም። ነገ ግን ደረጃ አለብኝ፣ እትዬ።

ታላቅ፦ የምን ደረጃ?

ታናሽ፦ አንብቤልሽ አልነበር? [ከኪሷ ረዘም ያለ ኤንቨሎፕ ታወጣለች። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ጀምሮ ስታወጣና ስትከት ማዕዘኖቹ ለስልሰዋል።] "ከወሩ የመጨረሻ ሰኞ ጀምሮ የወንዝ ማዶ መስመር የሚሰጠው እስከ ጉልበት የሚደርስ ጫማ ላለው ሠራተኛ ብቻ ነው። የሌለው ማኅተም ክፍል ይመደባል።" ተቆጣጣሪው ደግሞ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ያስሮጠናል። ጫማው እግሩ ላይ ያልረጋ፣ ጫማ እንደሌለው ይቆጠራል።

ታላቅ፦ ማኅተም ክፍል ምን አለው? ቁጭ ብለሽ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ዝናብ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ውሻ የለ።

ታናሽ፦ ውሾቹ ያውቁኛል። ማዶ መቶ አሥራ ሁለት በር አለ። የትኛው አንድ ጊዜ ሲንኳኳ እንደሚከፈት፣ የትኛው ጋ ባለቤቱ ምርኩዙን እስኪያገኝ መቆም እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሌላ ብዙ የማውቀው ነገር የለም። ማኅተም ክፍል ደግሞ መስኮት የለውም።

[ታላቅ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ትሰካለች። ታናሽ ይህቺን አሰካክ ታውቃታለች፤ ሆዷ ሲባባ እንዲህ ታደርጋለች፣ አፏ ግን አይላላም።]

ታላቅ፦ በቃ አታልቅሺ።

ታናሽ፦ አላለቀስኩም።

ታላቅ፦ ልታለቅሺ ነበር። ነይ ወዲህ፣ መላ አለኝ። [ከመኪናው ሥር ካለው ከረጢት ቁርጥራጭ ጨርቅ በእፍኝ እየዘገነች የጫማውን አንገት ዙሪያውን ትጠቀጥቃለች] ምን ይመስልሻል?

ታናሽ፦ ፍራሽ።

ታላቅ፦ እሱ ነው የሚፈለገው። ደረጃውን እየሮጥሽ ውጪና ተመለሺ።

[ታናሽ ትወጣለች። ከውጭ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ፤ ከዚያ ቀስ ያለ ዱብታ። ትመለሳለች።]

ታላቅ፦ እንዴት ነበር?

ታናሽ፦ ብጠፋ አታጪኝም።

[ታላቅ በበሩ አንገቷን ታወጣለች። በየደረጃው ላይ አንድ አንድ ጨርቅ ወድቋል፤ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ባለ መስመር፣ ከሁሉ በላይ ነጭ የሙሽራ ልብስ ቁራጭ።]

ታላቅ፦ አረማመድሽ ነው! እግርሽን ታነሺያለሽ።

ታናሽ፦ ደረጃ እኮ ነው። ካላነሣሁ እንዴት እወጣለሁ?

ታላቅ፦ አትከራከሪኝ። አውልቂና እንለካዋለን፤ ባትሽ ምን ያህል እንደቀነሰ ዛሬ በዓይንሽ ታያለሽ። [ሦስት ስፒል ከንፈሯ መሐል ትይዛለች፤ ያለ ስፒል የለካችበት ቀን የለም። ከአንገቷ የማይወርደውን፣ የካውያ እሳት የቀመሰ አሮጌ ሜትር በታናሽ ባት ላይ ታዞራለች።] አዝቢ!

ታናሽ፦ ምን?

ታላቅ፦ [ስፒሎቹን አውጥታ] አርባ ሰባት!

ታናሽ፦ አልቀነሰም ማለት ነው?

ታላቅ፦ [ለአፍታ ትደነግጣለች፤ ወዲያው ፊቷ ይበራል] አልቀነሰም! እኔስ ምን አልኩ?

ታናሽ፦ ቀንሷል አልሽ።

ታላቅ፦ ከዚያ በፊት! ያኔ ስለካሽ አርባ ሰባት አልኩ፣ ዛሬም አርባ ሰባት። እጄ አይሳሳትም። እንግዲያው ጥፋቱ የማነው? ጫማውን አቀብዪኝ። [የጫማውን አንገት ትለካለች] ሃምሳ ሦስት! አየሽልኝ? ለጫማ ሰሪው አርባ ሰባት ብለን ጽፈን ሰጥተነው ሃምሳ ሦስት አድርጎ ሰፋው!

ታናሽ፦ አንድ ሴንቲ ለካልሲ እተዋለሁ ብሎ ነበር።

ታላቅ፦ ስድስት ካልሲ ደርበሽ ልትሄጂ ነው? ተነሽ፣ ቤቱ ድረስ እንሄዳለን። ዛሬ ጉዱ ነው!

ታናሽ፦ ኧረ እትዬ፣ ጋሼ እኮ ራሱ ሊለካኝ ፈልጎ ነበር። አንቺ ነሽ "እግሩን ለካ፣ ባቱን ለእኔ ተው፤ ሃያ ዓመት ሰው የለካሁ ሴት እያለሁ" ያልሽው።

ታላቅ፦ ልክ ነኛ!

ታናሽ፦ ወረቀቱን ሲያይም "አርባ ሰባት? እርግጠኛ ናችሁ?" አለ። ተቆጣሽው።

ታላቅ፦ አሁን ደግሞ እደግመዋለሁ። ነጠላ ጫማዬ የት ገባ?

[ታላቅ አልጋው ሥር ጫማዋን ትፈልጋለች። ታናሽ ሜትሩን ይዛ ቀርታለች። በዓይኗ የሚመጣባት ጫማ ሰሪው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ በእሑድ ቀን፣ በሩ ላይ እንደ ልጅ ሲቆጡት። የመሥሪያ ቤቱን ኤንቨሎፕ ጭኗ ላይ ታስተኛዋለች። ሜትሩን ትዘረጋበታለች። ታያለች። እንደገና ትዘረጋለች።]

ታናሽ፦ እትዬ።

ታላቅ፦ [ከአልጋው ሥር] ምን?

ታናሽ፦ ይህንንም ኤንቨሎፕ የሠራው ጫማ ሰሪው ነው?

ታላቅ፦ ምን ትቀባጥሪያለሽ?

ታናሽ፦ ይህ ዓይነቱ ኤንቨሎፕ ሃያ ሁለት ነው። ቀን በቀን እጄ ላይ ነው የሚውለው፤ ደብዳቤ የምንለይበት ሣጥን ክፍተት ራሱ በእሱ ልክ የተሠራ ነው። በአንቺ ሜትር ግን ሃያ ሰባት ሆነ።

ታላቅ፦ [ተነሥታ፣ ጉልበቷን እያራገፈች፣ የማይረባ ልጅ እንደምትታገሥ አስተማሪ] ሃያ ሰባት ይላላ! ሜትሩ ከአምስት አይደለም የሚጀምረው?

ታናሽ፦ ከአምስት?

ታላቅ፦ ጫፉን ካውያ አቃጥሎት ቆርጬው የለም እንዴ፣ በዚያን ሰሞን! ሲለካ አምስት ትርፍ ያሳያል፤ እኔ ስጽፍ አምስት እቀንሳለሁ። ይኸው ነው። እጄ ለምዶታል፣ ሳላስበው ነው የማደርገው። አንድ ደንበኛ ጠበበኝ፣ ሰፋኝ ብሎ ተመልሶ ያውቃል?

ታናሽ፦ አያውቅም።

ታላቅ፦ እኮ!

ታናሽ፦ የእኔን ባት ግን ማን ነበር የጻፈው?

ታላቅ፦ እኔ ነኛ።

ታናሽ፦ አንቺ አፍሽ ስፒል፣ እጅሽ ሜትር ይዞ ነበር። "አርባ ሰባት! ጻፊ!" አልሽ። ጻፍኩ።

[ታላቅ ጫማውን ታያለች፣ ባቱን ታያለች፣ ኤንቨሎፑን ታያለች። ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች።]

ታላቅ፦ አምስት አልቀነስሽም?

ታናሽ፦ ሳትነግሪኝ በራሴ ላይ ልቀንስ? ማጭበርበር ነበር የሚሆነው።

ታላቅ፦ አርባ ሁለት። አርባ ሁለት ነው ባትሽ።

ታናሽ፦ ቡናማው እስከ አርባ ሦስት ይሄድ ነበር።

ታላቅ፦ ስለ ቡናማው ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ! [ጫማውን ትነጥቃለች] የእኔ ጥፋት በእኔ እጅ ነው የሚስተካከለው። ያንን ወስፌ አቀብዪኝ። ሰም የተቀባውንም ክር። ጫማው አርባ ስምንት ነው፤ ከኋላ ስፌቱ አምስቱን እወስዳለሁ፣ አንዷን ለካልሲሽ እተዋለሁ። ለጋሼ ደግሞ...

ታናሽ፦ ምን እንበለው?

ታላቅ፦ ቆዳው ግሩም ነው በዪው።

[ፀሐይዋ ከመስኮቱ ደፍ ወደ ግድግዳው እስክትሻገር ድረስ ወስፌው ቆዳውን ጭርቅ ጭርቅ ያደርጋል። ታላቅ በሥራ ላይ አትናገርም፤ ታናሽ ከምትወድላት ነገር አንዱ ይህ ነው። በመጨረሻ ክሩ በጥርስ ይቆረጣል። ታናሽ ወፍራም ካልሲዋን አድርጋ እግሯን ትከታለች፤ ጫማው ባቷን እንደ እጅ አቅፎ ይይዛታል፣ አያንቃትም። ወጥታ ደረጃውን ትሮጣለች። ዱካዋ አንድ ወጥ ነው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ፣ ማንም ሳያዛት ለሦስተኛ ጊዜ። ስትመለስ ታለከልካለች፣ ፊቷ ግን ሌላ ነው።]

ታናሽ፦ እግሬ ላይ ያለ አይመስለኝም፣ እትዬ። ወንዙ እስከዚህ ድረስ ቢመጣ ግድ የለኝም።

ታላቅ፦ እኔ ከሰፋሁት ምን ሊሆን ነው? ዋናው ቁጥሩን ማወቅ ነው።

[ታናሽ በሩ አጠገብ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ፊት ቆማለች። ከታች፣ በራሷ ክብ ክብ ጽሑፍ፣ አምስት ቁጥሮች ተደርድረዋል።]

ታናሽ፦ እትዬ፣ ሜትሩን ካውያ ያቃጠለው መቼ ነው ያልሽኝ?

ታላቅ፦ አምስት ወር ቢሆነው ነው። ምነው?

ታናሽ፦ ወገብሽን በየወሩ መስታወቱ ፊት ቆመሽ ትለኪ የለም?

ታላቅ፦ እና?

ታናሽ፦ ቁጥሩን የምትጠሪው አንቺ ነሽ። እዚህ የምጽፈው እኔ ነኝ።

[ታላቅ የጠበበውን ጉርድ ታያለች። ከዚያ የቀን መቁጠሪያውን። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ሰማንያ አንድ ሲቀነስ አምስት።]

ታላቅ፦ አልወፈርኩም ነበር።

ታናሽ፦ አልወፈርሽም ነበር።

ታላቅ፦ አምስት ወር! ያን ሁሉ ራት! ያን ሁሉ ጎመን!

ታናሽ፦ ጨርቁም አለቀቀም ማለት ነው።

ታላቅ፦ [በደከመ ድምፅ] ድስቱ ውስጥ ድንች ቀርቷል?

ታናሽ፦ አለ። በሥጋው። [ሳህንና ጭልፋ ይዛ፣ ቦቷን ሳታወልቅ ድስቱ አጠገብ ትቆማለች] ስንት ጭልፋ ላድርግልሽ? አንቺ ቁጥሩን ጥሪ፤ እኔ ዛሬ አምስት እየጨመርኩ አወጣለሁ።