ሰላምታን የማይሸፍነው ኢንሹራንስ

እዚህ ፍራንክፈርት ኢንሹራንስ የሌለው ነገር የለም። ጥርስ አለው፣ ብስክሌት አለው፣ የጎረቤቴ ውሻ እንኳ ሰው ቢነክስ የሚከፍልለት ድርጅት አለው። እኔም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝና ቦርንሃይም ሰፈር ውስጥ ፕራክሲስ የሚሉትን የግል ክሊኒክ ስከፍት፣ ገና ሶፋው ሳይገባ የኢንሹራንስ ሰውዬው ገባ።

ሙሉ ዕድሜዬን ፊቴ ዘረጋው። ብታመም፣ ብወድቅ፣ ጡረታ ብወጣ! የእኔ እርጅና ከእናቴ ይልቅ እሱን አስጨንቆታል። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን የታካሚን ምስጢር ማውጣት ነው፣ ፈቃድ ያስነጥቃል አለኝ። ስለዚህ ታካሚ መንገድ ላይ ባገኝ ቀድሜ ሰላም እንዳልል መከረኝ። እሺ ብዬ ፈረምኩ። ሐበሻ መሆኔን ማን ይንገረው?

ከዚያማ በርገር ሽትራሰ ጎዳና ላይ ያገኘሁትን ሐበሻ ሁሉ ጉንጭ እየሳምኩ፣ ታካሚዬ ብቅ ሲል ግን የዳቦ ቤት መስኮት ላይ ማፍጠጥ ጀመርኩ። ምስጢር የጠበቅኩ መስሎኝ! ብዙም ሳይቆይ ከተማው ነቃ። ያልሳመችው ሁሉ ታካሚዋ ነው ተባለ። ከዚህ ወዲያ ማስታወቂያ መለጠፍ አለ እንዴ?

አንድ ቅዳሜ ደግሞ መነጽሬን ረስቼ ወጣሁ። ዮናስ የሚባል፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን ጨዋ ልጅ አጠገቤ ሲያልፍ አላየሁትም። እሱ የፕራክሲሴን ደጅ ረግጦ አያውቅም። እትዬ አልማዝ ግን ከኋላው ነበሩ፤ ዮናስ ሴት ልጃቸውን ለማግባት ሽማግሌ የላከባቸው ሴትዮ። ሽማግሌዎቹ እስኪሻለው እንቆይ ተብለው ተመለሱ።

ዮናስ እንባው እየወረደ መጣ። በእናትሽ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰው እያየ አንዴ ሳሚኝ አለኝ። አንጀቴን በላው። ግን እሱን መርጬ ብስም፣ ያልሳምኳቸውን በገዛ እጄ አጋለጥኩ ማለት ነው። ታካሚዬ አይደለም ብዬ ባወራም ያው ነው። ኢንሹራንሱ ጋ ደወልኩ። ሰላም ባለማለት የሚመጣ ጉዳት ውሉ ውስጥ የለም አለኝ ሰውዬው። ታዲያ ለምኔ ነህ?

የቀረኝ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ማንንም ሰላም አለማለት። የአክስቴን ልጅ ትራም ውስጥ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። የንስሐ አባቴን ሳይቀር ዘጋኋቸው፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ኮራች ተባልኩ። ግን ሠራ! ማንም ካልተሳመ፣ የታመመው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? እትዬ አልማዝም ልጁ ለካ ደህና ነው ብለው ልጃቸውን ሰጡት።

ሠርጉ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ነበር፤ እኔም ተጠራሁ። አንገቴን ደፍቼ፣ ማንንም ሳላይ ገብቼ ጥግ ተቀመጥኩ። እትዬ አልማዝ ጦፉ። በልጄ ሠርግ እንኳ እንኳን ደስ ያለዎት አትለኝም እንዴ ሲሉ በጆሮዬ ሰማኋቸው። ሙሽራው ዮናስ፣ ለእሱ ስል ከአገር ምድሩ ሐበሻ ጋር የተኳረፍኩለት ዮናስ፣ ጠጋ ብሎ አጽናናቸው።

አይቀየሟት እማማ፣ አሟት ነው አላቸው። ጥሩ ሐኪም ፈልገን እናሳያታለን።