ስምንት ምት ዝምታ

መምህሩ፦ እስቲ ንገረኝ፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህል ነው?

ቧንቧ ሠሪው፦ ጋሼ፣ እኔ የጠየቅኩት ዜማው ስንት ገጽ እንደሆነ ነው።

መምህሩ፦ ስንት ገጽ ይለኛል! ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው መቃብሩ ላይ የሚጻፍለት ሁለት መስመር ነው። ታዲያ ይኼ በገጽ ይለካል?

ቧንቧ ሠሪው፦ ሁለት መስመር ከሆነማ ለቅዳሜ ይደርስልናል።

[ጋሼ የሚባሉት ጡረታ የወጡ የፍልስፍና መምህር ናቸው። ፒያኖው የእሳቸው፣ ሳሎኑ የእሳቸው፣ እንደ ልማዳቸው ወሬውም የእሳቸው ነው። ፍሉት የሚባለውን የብረት ዋሽንቱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የተቀመጠው ቧንቧ ሠሪ የእህታቸው ባል ነው። ሰው ሲናገር ጣልቃ አይገባም፤ በዚህም የተነሳ ነገር የማይገባው ሰው ተብሎ ኖሯል። ሚስቱ ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት ከሠራችበት ክሊኒክ ቅዳሜ ትሰናበታለች፤ ወንድሟና ባሏ አንድ ዜማ አብረው ሊጫወቱላት ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ በየትኛው ዜማ እንደሚጫወቱ ገና አልተስማሙም። እሷ ጓዳ ውስጥ ልብስ ትተኩሳለች።]

መምህሩ፦ የሚጎዳህ ችኮላህ ነው። ለአንተ የሚቀለውን ፍለጋ እህቴ ተውሳ ያመጣቻቸውን የሰባቱንም የዜማ መጻሕፍት መግቢያ አንብቤያለሁ።

ቧንቧ ሠሪው፦ ዜማዎቹንስ?

መምህሩ፦ መግቢያው ያልገባው ሰው ዜማው ውስጥ ምን ይሠራል? ይኸው፣ ማክሰኞ የሰጠሁህ ከሁሉም ይሻላል። የአንተን መስመር እየው፤ ግማሹ ነጭ ነው።

ቧንቧ ሠሪው፦ ነጩን እንዴት ነው የምነፋው?

መምህሩ፦ አትነፋውም። ዕረፍት ነው። ሠላሳ ሁለት ምት ዝም ትላለህ። ከዚህ የቀለለ ከየት ይመጣል?

ቧንቧ ሠሪው፦ [ራሱን እያከከ] ተለማመድኩት እኮ። ከበደኝ።

መምህሩ፦ ዝም ማለት ከበደኝ ነው የምትለው?

ቧንቧ ሠሪው፦ መቁጠሩ ነው እንጂ። ቤት ስለማመድ እህትዎ «ምን አስቀየምኩህ?» አለችኝ። ሥራ ቦታ ደግሞ ማጠቢያ ሥር ተኝቼ ስቆጥር የቤቱ እመቤት «ውሃው መቼ ይመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ነበርኩ፤ አልመለስኩላትም። ነገሩ የከፋ መስሏት ከጎረቤት በባልዲ እያመላለሰች በርሜሏን ሞላች።

መምህሩ፦ እና ሠላሳ ሁለት ደረስክ?

ቧንቧ ሠሪው፦ ደጋግሜ ደረስኩ። በርሜሉም እስከዚያው ሞላ።

መምህሩ፦ አየህ፣ አንተ ዝምታን እንደ ቱቦ በክንድ ነው የምትለካው። እኔ ስለ ዝምታ ብቻ ሁለት ሴሚስተር አስተምሬያለሁ።

ቧንቧ ሠሪው፦ በምን ነበር የሚያስተምሩት?

መምህሩ፦ በንግግር ነዋ፤ በምን ላስተምር?

[ቧንቧ ሠሪው ከደረት ኪሱ የታጠፈ ኖታ አወጣ።]

ቧንቧ ሠሪው፦ እህትዎ ይኼ ይቀላል ብላ ነበር።

መምህሩ፦ [መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው] ይኼ? ሦስት ገጽ ሙሉ መተንፈሻ የለውም። ለአንተ ነው የሚቀለው?

ቧንቧ ሠሪው፦ ለእርስዎ ነው። ፒያኖው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያርፍም። ሁለት እጁ ሥራ የያዘ ሰው ወሬ አይጀምርም ብላ ነው።

መምህሩ፦ እንዲህ አለች?

ቧንቧ ሠሪው፦ ሰባቱን መጻሕፍት የተዋሰችውም ለእርስዎ የሚቀል ፍለጋ ነው። ይከፋዎታል ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።

መምህሩ፦ ምን ይከፋኛል? ተነስ። የምንጫወተው የእኔን ነው። የፒያኖው ዕረፍት የት አለ... ይኸው፣ ስምንት ምት። ስምንት ምት ዝም ማለት የሚያቅተኝ ይመስልሃል?

ቧንቧ ሠሪው፦ እኔ ምን አውቃለሁ። እንሞክረው።

[ጀመሩ። ቧንቧ ሠሪው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ሠላሳ ሁለቱን ምት ቆጠረና፣ አንድም ሳይቀድም አንድም ሳይዘገይ ገባ። ፍሉቱ በደንብ የተገጠመ ቱቦ ይመስል ጠብታ አያፈስም። አሁን የማረፍ ተራው የፒያኖው ሆነ። አንድ። ሁለት። ጓዳ ውስጥ የካውያው ድምፅ ቆመ። ሦስት።]

መምህሩ፦ እዚህ ጋ ልብ በል፤ ፒያኖው ዝም ያለው የሚለው ጠፍቶት አይደለም...

[ፍሉቱ ተቋረጠ።]

ቧንቧ ሠሪው፦ ጋሼ።

መምህሩ፦ ቀጥል፣ ቀጥል። እኔ እኮ ቁልፍ አልነካሁም።

ቧንቧ ሠሪው፦ እህትዎ ካውያዋን አስቀምጣ እየሰማች ነበር። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ዜማ እስከ ጫፉ ነፍቼላት አላውቅም። አንድ ጊዜ የሰው ቤት ቱቦ ይፈነዳል፣ አንድ ጊዜ እርስዎ ይመጣሉ። ስምንት ምት ብቻ ዝም ይበሉልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።

መምህሩ፦ [ልባቸው ተነክቶ፣ ወደ እሱ ዞረው] ጥያቄህ ተገቢ ነው። ብቻ ስምንት ምት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ አስቀድመን እንስማማ።