ከኮፐንሃገን የመጣ ለቀስተኛ

ዘመድ የሚባለው ነገር ከየት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ድሮ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። በአባት ይቆጠራል፣ በእናት፣ በጋብቻ፣ በክርስትና፤ አለቀ። ባለቤቴ ጌታሁን ግን በራዲዮ የሚቆጠር ዘመድ አመጣብኝ። እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟችሁ ያውቃል?

ጌታሁን ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። «ዘመዱ» ደግሞ ክላይቭ የሚባል የትሪኒዳድ ደሴት ሰው ነው፤ ትራምፔት ነፊ። በሙዝ ጫኝ መርከብ ሎንዶን ገብቶ፣ ምድር ቤት ባለ ናይት ክለብ ጃዝ መጫወት ጀመረ፤ ከዚያ ፓሪስ፣ ከዚያ ኮፐንሃገን። ጌታሁን የእሑዱን የእንግሊዝኛ ራዲዮ ወሬ እየተረጎመ፣ ለንግድ ቡሬ ሄዶ የቀረ ወንድሙን እንደሚያነሳ ነበር የሚያወራልኝ።

«ፓሪስ አልተስማማውም፤ ብርዱ ከንፈሩን ሰነጣጠቀው» ይለኛል እራት ላይ።

«ቅቤ አይቀባም?» እላለሁ እኔም።

አንድ እሑድ፣ ክላይቭ መድረክ ላይ ወድቆ ሆስፒታል መግባቱን ሰማ። በዚያው ሳምንት ጌታሁንም ታመመ። በመጨረሻ የጠየቀኝ ስለ ቤታችን አልነበረም። «ክላይቭ ዳነ ይሆን?» አለ። ሳልመልስለት ሄደ።

ሐዘን ቤት ራዲዮ አይከፈትም። ጎረቤቴ እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው ናቸው ራዲዮውን ነጠላ ያለበሱት። ያ ጥያቄ ግን አላስቀምጥ አለኝ። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው እንደተቀመጠ፣ ነጠላውን ገልጬ ከፈትኩት። ተናጋሪው ብዙ አወራ። «ክላይቭ» ሲል ሰማሁ፤ «ኮፐንሃገን»ም አለ። ሌላው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር። የሚተረጉምልኝ ጌታሁን ነበር። ክረምት ነውና ሌሎቹ አስተማሪዎችም ወደየአገራቸው ገብተዋል።

«አበድሽ እንዴ? ኧረ ዝጊው!» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ እጃቸውን ሰንዝረው።

ትራምፔቱ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ማነው ይሄ?»

«የጌታሁን ወዳጅ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለ።»

«አንቺ! ለካስ ለቅሶ ደራሽ ነው!»

ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፤ ሴቶቹም ተከተሉ። እንደዚያ ያለ ለቅሶ ለጌታሁን በቀብሩም ቀን አልተለቀሰም። ዜማው ሲያበቃ ግን ከራዲዮው ውስጥ ጭብጨባና ሳቅ ፈነዳ፤ ብርጭቆም ተንኳኳ።

«ለቅሶ ላይ የሚያጨበጭብ፣ ምን ዓይነት አገር ነው እቴ?» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ እንባቸውን እየጠረጉ።

ድኖ መጫወቱ ይሁን ወይስ ሞቶ የድሮ ሸክላውን ማሰማታቸው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሸክላ ላይ ሙቱም ሕያውም እኩል ይነፋል። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲጠራ አልሰማሁም።

ተዝካሩ ደረሰ። እትዬ ጥሩወርቅ እንጀራና ወጡን ሲያድሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ለዚያ ለሩቁ ለቀስተኛ ድርሻውን አንሺለት» አሉኝ።

ድርሻ የሚነሳው ነገ ለሚመጣ ሰው ነው። ለሞተማ በስሙ ለነዳያን ይሰጣል። ሳህኑን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ማለት አቃተኝ።

ኋላ ግማሹን ለነዳያን ሰጠሁ፤ ግማሹን ከድኜ አስቀመጥኩ። ጌታሁን ቢጠይቀኝ የምመልስለት ይኸው ነው።